ካምበር ምንድን ነው? ከቦል ጆይንትስ ጋር ምን አገናኘው?

ጎሚስታው ጎማውን አገላብጦ «ከውስጥ በኩል ብቻ ነው የተበላው» ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካምበር ነው። ካምበር ማለት መኪናውን ከፊት ለፊት ቆመን ስናየው ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት መጠን ሲሆን የሚለካውም በዲግሪ ነው። የጎማው አናት ወደ ሞተሩ ከተጠጋ ኔጌቲቭ፣ ወደ ውጭ ከወጣ ፖዘቲቭ ይባላል። የመጀመሪያው ሲበዛ ውስጠኛው ጠርዝ፣ ሁለተኛው ሲበዛ ውጨኛው ይበላል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የፊት ጎማ ላይ ፋብሪካው የሚያዘው ልክ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዘመሙ በዓይን ከታየ የላላ ወይም የተጣመመ ነገር አለ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚላላው ቦል ጆይንት ነው። ይህ ጎማውን የተሸከመውን ብረት ከታችኛው ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያያይዘው ብረት፣ ጋር የሚያገናኝ፣ ድቡልቡል ራሱ በጎድጓዳ ብረት ውስጥ የተቀመጠ ማጠፊያ ነው። ግራሶውን የሚጠብቅለት አንድ ትንሽ የላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ የአዳማ አቧራ ከግራሶው ጋር ይለወስና ማለስለሱ ቀርቶ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ከዚያ በኋላ ኮብልስቶን ላይ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ቦል ጆይንቱ ላልቶ እያለ መኪናውን የጎማዎቹን አቀማመጥ በሚለካው አላይመንት ማሽን ላይ አውጥቶ ገንዘብ መክፈል ነው። የላላ ማጠፊያ ማሽኑ ላይ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ መኪናው ተሳፋሪ ሲጭንና ፍሬን ሲይዝ ግን ሌላ ይሆናል። ወጪው ከንቱ መሆኑ ሳያንስ አደጋም አለው። 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚፈቀድበት የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የታችኛው ቦል ጆይንት ቢወልቅ፣ ጎማው ይታጠፋል፤ መሪውም አይታዘዝም።

መፈተሹ ከባድ አይደለም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፤ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅነቅ። ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ መነቃነቁ ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ይታይ። የላይኛና የታችኛ ክንድ ባላቸው ብዙ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ግን ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር መግባት አለበት፤ አለዚያ የስፕሪንጉ ጉልበት ማጠፊያውን ወጥሮ ስለሚይዘው የላላው ጤነኛ ይመስላል።

አዲሱ ቦል ጆይንት ሲገጠም የዳዶው ቀዳዳ ከመቆለፊያው ሽቦ ጋር ካልገጠመ ዳዶው ጥቂት ተጨማሪ እንዲጠብቅ ይደረጋል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

ካምበር የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ክንድ ባላቸው መኪኖች ላይ በሚጨመሩና በሚቀነሱ ስስ ብረቶች ወይም በሚዞር ቡሎን ይሠራል። እንደ ኮሮላ ባሉት ላይ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩን ከሥር በሚያስሩት ቡሎኖች በኩል ብቻ ጥቂት ማስተካከል ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ የተጣመመውን ብረት መፈለግ ይሻላል። ካምበር ሲነካ ጎማዎቹ ወደ ፊት የሚያመለክቱበት አቅጣጫ፣ ማለትም ቶው፣ አብሮ ስለሚለወጥ እሱ የመጨረሻ ሥራ ነው። ባለሙያው ቶውን ብቻ ነክቶ ሊያስረክብ ከሆነ የካምበሩን ቁጥር እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ የግራና የቀኙ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ካለፈ መኪናው ይበልጥ ፖዘቲቭ ወደሆነው ጎን ሊጎትት ይችላል።