ደቻቱ ዳር ቪላ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ መጣች። ለዓመታት ያጠራቀመችውን ይዛ ድሬ ዳዋ ላይ ጥሩ ቪላ ልትገዛ ነው። ደላላው ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱ ወንዝ ቁልቁል የሚያይ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት አሳያት። "እህቴ፣ እንዲህ ያለ እይታ ከተማው ውስጥ አታገኚም" አላት። እውነትም ደስ ይላል። ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፤ የሚጋርድ ጎረቤት የለም። ቀብድ ልትከፍል ስትል ግን "አንድ ቀን ስጪኝ" አልኳት። በዚያ ቀን ሰው ሲነግራት የሰነበተውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳን። ብዙው ስህተት ነበር። ድሬ ላይ ወንዝ ዳር ቤት ለምታዩ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

"ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋ ብቻ ነው"

ይህኛውን ረዘም አደርገዋለሁ፤ ሕይወት የሚጠፋው በዚህ ነውና። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው በአቋራጭ ያልፍበታል። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው ከድሬ ሰማይ አይደለም። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበላይዋ ያለው የሐረርጌ ደጋ 2,000 ሜትርን ያልፋል። በዚያ ደጋ፣ በደንገጎ በኩል የጣለው ዝናብ በተራቆተው ተራራ ላይ ቶሎ አይሰርግም። ተሰብስቦ ቁልቁል ይወርዳል። እዚህ አንድ ጠብታ ሳይጥል ጎርፉ ሊደርስ ይችላል።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የሆነው ይኸው ነው። ሌሊት ነበር፤ ሰው ተኝቷል። ደቻቱ ሞልቶ በዳርና ዳሩ ያሉትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ድሬ ውስጥ ያንን ሌሊት ሲያነሳ ድምፁ ዝቅ የማይል ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ቤቱን በጥር አይታችሁ አትወስኑ። "የሚያሰጋው ክረምት ብቻ ነው" የሚላችሁንም አትመኑ። የበልጉ ዝናብም ያው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የወረደው ጎርፍ ሰው ገድሏል። በበልግም በክረምትም፣ ደጋው ላይ በዘነበ ማግስት ሄዳችሁ አሸዋውን እዩ። ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ገለባው፣ ፌስታሉና ጭቃው ይነግራችኋል።

"ግንብ ተሠርቷል፤ ከእንግዲህ ስጋት የለም"

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ብዙ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ማንኛውም ግንብ የሚያቆመው እስከ ቁመቱ ድረስ ያለውን ውሃ ነው። ሥሩን ደግሞ እያንዳንዱ ጎርፍ ትንሽ ትንሽ ይቦረቡረዋል። ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ፦ ግንቡ ውሃን ከሁለቱም ወገን ያግዳል። የመንገዱ ዝናብ ወደ ወንዙ መውረጃ ካጣ ግቢያችሁ ውስጥ ይተኛል። ከግንቡ ጀርባ ያለ ቤት ካያችሁ የሰፈሩን ቦይ ፈልጉ። በአሸዋና በቆሻሻ ተደፍኖ ካገኛችሁት ዋጋው ቢቀነስም አትቸኩሉ።

"ይህ ቤት ያንን ጎርፍ ችሎ የቆመ ነው"

ደላላው ይህንን በኩራት ነው የተናገረው። እኔ ደግሞ ቤቱን ለማየት የሄድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። የሳሎኑ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። መዳፌን አሳርፌ ከታች ወደ ላይ ስስበው ደረቴ ጋ ስደርስ ልስኑ ተለወጠ። ከዚያ በታች ሻካራና አዲስ ነው፤ ከዚያ በላይ ለስላሳና አሮጌ። ግድግዳውን ዞሬ አየሁት፤ መስመሩ በአራቱም ማዕዘን እኩል ነው። ግድግዳ ሲያረጅ እንዲህ እኩል አይበላም። ውሃ ነው እንዲህ የሚያሰምረው። የጓሮው የብረት በርም ከታች በኩል ዝጎ ሌላ ላሜራ ተበይዶበታል።

ከጎረቤት ያሉ አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላም ብያቸው ውሃው ያኔ የት ደርሶ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ምንም አላሉም። ተነሥተው እጃቸውን የመስኮታቸው ደፍ ላይ አሳረፉ። እኔ ካገኘሁት መስመር ጋር እኩል ነበር።

ቤቱ መቆሙ እውነት ነው። ግን የቆመ ቤት ሁሉ ጤነኛ አይደለም። መሠረቱ ሥር ያለው አፈር ታጥቦ ሊሆን ይችላል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ወለል፣ አልገጥም ያለ በር ካያችሁ መሐንዲስ ከፍላችሁ አስመርምሩ። ከቪላ ዋጋ አንጻር ክፍያው ኢምንት ነው።

"ወንዝ ዳር ቀዝቃዛ ነው"

ውሃ የሌለበት ወንዝ አያቀዘቅዝም። አሸዋው ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራው በረንዳችሁ ላይ ነው። ከዚራ የሚባለው የድሬ ሰፈር ቀዝቀዝ የሚለው በዛፎቹ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ በቅያስ የተሠራ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ጥላ አለው። ቅዝቃዜ ከፈለጋችሁ ዛፍ ቁጠሩ።

"ወንዝ አጠገብ ውሃ አይቸግርም"

የድሬ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከጉድጓድ ነው፤ ለወንዙ መቅረባችሁ ለቧንቧችሁ የሚጨምረው ነገር የለም። የግቢ ጉድጓድ ያለው ቤት ከሆነ ውሃውን ላቦራቶሪ ሳታስመረምሩ አትጠጡ፤ የሰፈሩ ሽንት ቤት ሁሉ የሚሰርገው ወደዚያው አፈር ነው። ውሃችን ኖራ የበዛበት መሆኑንም አትርሱ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሻወሩንም እንዲሁ ይደፍነዋል።

"ካርታ ካለው አለቀ"

ካርታ ስለ ይዞታው ይናገራል፤ ስለ ጎርፍ አይናገርም። ቤቱ ከወንዙ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ በፕላኑ ላይ መንገድ ወይም የመከላከያ ሥራ ይነካው እንደሆነ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ለመኖሪያ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ እንደቀረና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ እንዳለ አጣሩ። ሰፈር ውስጥ ሦስት ምስክር አስፈርሞ መግዛትም አደጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል።

ኢንሹራንስም ያው ነው። ቤቱ ለእሳት ዋስትና ተገባለት ማለት ለጎርፍ ተገባለት ማለት አይደለም። ጎርፍ መካተቱን ውሉ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ።

የአክስቴ ልጅ ቀብዱን አልከፈለችም። አሁን በዚያው አካባቢ ከወንዙ ሦስት መንገድ ወደ ላይ ያለ ቤት እያየች ነው። በረንዳው ያንሳል። ጣሪያው ላይ ሲወጡ ግን ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል።