የመጀመሪያው የኦስካር ሽልማት እና ተሸላሚዎቹ

ዛሬ ኦስካር የምንለው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ግንቦት 8 ቀን 1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1929) ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል፣ ብሎሰም ሩም በተባለው አዳራሽ ነው። ዝግጅቱ የእራት ግብዣ ነበር። 270 ያህል ሰው ተገኝቷል፤ መግቢያው 5 ዶላር ነበር፤ ሽልማቱን አድሎ ለመጨረስ 15 ደቂቃ ያህል በቂ ሆነ። ሸላሚው የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ተዋናይ ዳግላስ ፌርባንክስ ሲሆን ዊሊያም ደሚል አግዞታል። በሬዲዮ አልተላለፈም። አሸናፊዎቹም ከሦስት ወር በፊት፣ በፌብሩዋሪ 18፣ ይፋ ተደርገው ስለነበር ማን ያሸንፍ ይሆን ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አካዳሚው የተቋቋመው በ1927 በ36 መሥራች አባላት ሲሆን ሐሳቡ የመነጨው ከሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ ኃላፊ ከሉዊስ ሜየር ነው። መነሻው ሽልማት አልነበረም። የስቱዲዮ ሠራተኞች በማኅበር መደራጀት ጀምረው ነበርና ሜየር ተዋንያኑና ጸሐፊዎቹም ያንኑ መንገድ ከመከተላቸው በፊት ከአሠሪዎቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት አንድ ቤት ፈለገ። ሽልማቱ ከተቋሙ ሥራዎች አንዱ ሆኖ የተጨመረ ነው፤ የኋላ ኋላ ግን ስሙን ያስጠራው እሱ ሆነ።

ለውድድር የቀረቡት ከኦገስት 1 ቀን 1927 እስከ ጁላይ 31 ቀን 1928 ድረስ በሎስ አንጀለስ የታዩ ፊልሞች ናቸው። አባላቱ አምስት ክፍል ነበራቸው፦ ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮች፣ ፕሮዲውሰሮች፣ ጸሐፊዎችና የቴክኒክ ባለሙያዎች። አባላት ዕጩ ይጠቁማሉ፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ዕጩዎች ወደየክፍሉ ዳኞች ሄደው ወደ ሦስት ይወርዳሉ፤ ከዚያ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው የተወከለበት አምስት አባላት ያሉት ማዕከላዊ ዳኛ አሸናፊውን ይለያል። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የአምስት ሰዎች ብቻ ነበር። ይህ ትልቅ ድክመት ነበርና አሠራሩ ብዙም ሳይቆይ ተቀየረ፤ ምርጫው ለአባላቱ ሁሉ ተከፈተ። ለተሸላሚዎች የሚሰጠውን ሐውልት የነደፈው የሥነ ጥበብ ዳይሬክተሩ ሴድሪክ ጊበንስ፣ የቀረጸው ጆርጅ ስታንሊ ነው። 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ይህ ሰይፍ የያዘ ሰው የቆመበት የፊልም ጥቅል አምስት ዘንግ አለው፤ እነዚያን አምስት ክፍሎች ይወክላሉ።

የሽልማቱ ዘርፎች 12 ነበሩ። የዋናው ሽልማት ነገር ትንሽ ያደናግራል፤ ምክንያቱም ሁለት ነበር። «የላቀ ፊልም» የተባለውን የፓራማውንት «ዊንግስ»፣ «ልዩና ኪነ ጥበባዊ ሥራ» የተባለውን ደግሞ የፎክስ «ሰንራይዝ» ወሰዱ። ሁለተኛው ዘርፍ በዓመቱ ተሰረዘ፤ አካዳሚውም «ዊንግስ»ን የመጀመሪያው ምርጥ ፊልም አድርጎ መዘገበ። ሲሰጡ እኩል የነበሩትን ሁለት ሽልማቶች በኋላ ማበላለጡ በ«ሰንራይዝ» ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

ሁለቱ ፊልሞች ድምፅ አልባው ሲኒማ ምን ያህል እንደተራቀቀ ያሳያሉ። «ዊንግስ» የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ታሪክ ነው። የተቀረጸው በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ አካባቢ፣ በአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖችና ወታደሮች እርዳታ ነው። ዳይሬክተሩ ዊሊያም ዌልማን ደመና እስኪመጣ ቀረጻ እያቆመ ይጠብቅ ነበር፤ ከጀርባው ደመና የሌለው አውሮፕላን ፍጥነቱ አይታይም፣ ባዶ ሰማይ ላይ የቆመ ይመስላል። ዌልማን ራሱ ለዳይሬክተርነት ዕጩ እንኳ አልሆነም፤ ከፊልሙ ባለሙያዎች በኢንጂነሪንግ ኢፌክት (ዛሬ ልዩ ኢፌክት በሚባለው) ዘርፍ የተሸለመው ሮይ ፖምሮይ ነው። «ሰንራይዝ»ን የሠራው ጀርመናዊው ሙርናው ሲሆን፣ ካሜራውን የያዙት ቻርልስ ሮሸርና ካርል ስትራስ በሲኒማቶግራፊ ተሸልመዋል። በረግረጉ ትዕይንት ካሜራው ከላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥሎ ተዋናዩን ይከተላል። የከተማው ግንባታ ደግሞ ወደኋላ በሄደ ቁጥር እያነሰ የሚሄድ ነበር፤ ከኋላ አጫጭር ሰዎች ስለቆሙ ጠባቡ ስቱዲዮ ሰፊ ከተማ ሆኖ ይታያል።

ምርጥ ተዋናይ ኤሚል ያኒንግስ በሁለት ፊልሞች ነው ያሸነፈው፤ ወደ ጀርመን ሊመለስ ስለነበር ሐውልቱን ከግብዣው በፊት ተቀበለ፤ በታሪክ የመጀመሪያው ተሸላሚም እሱ ሆነ። የ22 ዓመቷ ጃኔት ጌይነር በሦስት ፊልሞች አሸነፈች፤ ከተሸላሚዎቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት ናት። አንድን ሰው በበርካታ ፊልሞች በአንድ ላይ መሸለም የትኛውን ትወና ከየትኛው ጋር እንደሚያወዳድሩ ስለሚያምታታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ። ዳይሬክተርነት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፦ በድራማ ፍራንክ ቦርዜጊ፣ በኮሜዲ ሉዊስ ማይልስቶን። በድርሰት ቤን ሄክት፣ ከሌላ ሥራ ተመልሶ በተጻፈ ስክሪፕት ቤንጃሚን ግሌዘር፣ በሥነ ጥበብ ዳይሬክተርነት ዊሊያም ካሜሮን ሜንዚስ ተሸለሙ።

ከሁሉም የሚገርመው የጽሑፍ ካርዶች ዘርፍ ነው። በድምፅ አልባ ፊልም ንግግሩና ማብራሪያው በትዕይንቶች መካከል በሚገባ ካርድ ላይ ይነበባል። ጸሐፊው ሥራውን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ተቆርጦ ከተቀናበረ በኋላ ነው። ካርዱ ከረዘመ ታሪኩ ይቆማል፤ ቶሎ ከተነሣ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያነብ ተመልካች ያመልጠዋል። ጎበዝ ጸሐፊ የላላ ታሪክን በካርዶቹ ብቻ ሊያቃና ይችል ነበር። ጆሴፍ ፋርናም ይህንን ሽልማት የወሰደው አንድም ፊልም ሳይጠቀስለት ነው፤ ድምፅ ሲመጣ ካርዱ ስለቀረ በዘርፉ የተሸለመ ሌላ ሰው የለም።

የድምፁ መምጣት በዚያው ምሽትም ታይቷል። የዋርነር ብራዘርስ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ከድምፅ አልባዎቹ ጋር ማወዳደሩ ፍትሐዊ አይደለም ተብሎ ልዩ ሽልማት ተሰጠው፤ የተቀበለው ዳሪል ዛነክ ነው። የፊልሙ ድምፅ በፊልሙ ላይ የተቀዳ አልነበረም፤ ከፕሮጀክተሩ ጋር አብሮ በሚዞር ሸክላ ላይ ነበር። መርፌው ከዘለለ ድምፁና ከንፈሩ አይገጥሙም። ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ፍሬሞች ከጎደሉም ያው ነው፤ ስለዚህ የሲኒማ ቤቱ ባለሙያ የጎደለውን ያህል ጥቁር ፍሬም ቆጥሮ መቀጠል ነበረበት። ሁለተኛው ልዩ ሽልማት የቻርሊ ቻፕሊን ነበር፤ «ዘ ሰርከስ»ን ጽፎ፣ ተውኖ፣ ዳይሬክት አድርጎና ፕሮዲውስ አድርጎ ስለሠራ ከውድድር ወጥቶ ለብቻው ተከበረ።

ሁለተኛው ሥነ ሥርዓት ኤፕሪል 3 ቀን 1930 በአምባሳደር ሆቴል ሲካሄድ ዘርፎቹ ወደ 7 ወርደው ነበር፤ የሎስ አንጀለስ ሬዲዮ አስተላለፈው፤ አሸናፊዎቹም እስከ ምሽቱ አልተነገሩም። ምርጥ ፊልም የሆነው ድምፅ ያለው የሙዚቃ ፊልም ነበር።