ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ስለ አፈር የሚባሉ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች

«የጫካ አፈር ለም ነው፣ መንጥረህ ብታርሰው እድሜ ልክህን ያበላሃል»
መጀመሪያ አካባቢ ማሽላው ጥሩ ስለሚይዝ ነው ሰው የሚታለለው። ጫካውን ለም ያደረገው ግን በየአመቱ የሚረግፈው ቅጠል ነው፣ ዛፉ ሲቆረጥ እሱ ይቆማል፣ ማረሻ ደግሞ አፈሩን እያገላበጠ አየር ሲያስገባበት ብስባሹ ቶሎ ያልቃል፣ ናይትሮጂኑን እህሉ ይዞት ይወጣል፣ የተረፈውን ክረምት ላይ ጎርፉ ጠርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ያወርደዋል። ካላመናችሁ የጎፍ ተራራ ደን ውስጥ ጥድ ስር ያለውን አፈር ዝገኑና እዩት፣ ላላ ያለ፣ በቀጫጭን ስር የተሞላ ነው። ስንት ዘመን የታረሰ ተዳፋት ላይ ግን እጃችሁ ላይ የሚቀረው ጓልና ጠጠር ነው።

«ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ነው»
አይደለም። ዋልካ (የሚያጣብቀው ጥቁር የሸክላ አፈር) ጠቆረ ማለት ብስባሽ ሞልቶታል ማለት አይደለም፣ ክረምት ውሃ ይቋጥራል በጋ ይሰነጠቃል፣ ካላጠነፈፉት ዘሩ ይበሰብሳል።

«ማዳበሪያ እስካለ ድረስ አፈሩ ምን ቸገረው»
ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ። ዩሪያ 46 ፐርሰንቱ ናይትሮጂን ነው፣ ሌላ የሚመግብ ነገር የለውም። ሌሎቹ ማዳበሪያዎች፣ ዳፕም ኤንፒኤስም፣ ፎስፈረስ ይጨምራሉ እንጂ ብስባሽ አይሆኑም፣ ዝናብ ሲጠፋ እርጥበት ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ብስባሹ ነው። ማሳ ላይ መግባት የነበረበት የከብት እበት ኩበት ሆኖ ግድግዳ ላይ ይደርቅና ከተማ ይሸጣል፣ አገዳውም ለከብትና ለማገዶ ይሄዳል፣ ማሳው ምንም አይመለስለትም። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋ ይሄዳል፣ ፎስፈረስና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል፣ እኛ ደግሞ አመዱን ቱቦ ውስጥ እንደፋዋለን (ኧረ በናታችሁ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጓሮ በትኑት)።

«ባህር ዛፍ አፈር ገዳይ ነው፣ ተነቅሎ ይውጣ»
ግማሽ እውነት ነው። ማሳ ጠርዝ ላይ ካለ ውሃና ምግብ ይሻማል፣ አጠገቡ ያለው ጤፍ ቀጭጮ በአይን ይታያል። ግን ሀረጎ ተራራ ላይ ያለውን ገደል ማን ጤፍ ሊዘራበት ነው? እንደኔ ትልቁ ጥፋት ቅጠሉ ለማገዶ ሙልጭ ተደርጎ መጠረጉ ነው፣ መሬቱ ራቁቱን ይቀርና ዝናብ ያጥበዋል። ደግሞ ባህር ዛፍ ባይኖር ምን ይነድ ነበር? ያው ኩበቱ።

«ተራራው ከሰውና ከከብት ከተከለለ በሁለት አመት አፈሩ ይድናል»
ሳሩ ቶሎ ይመጣል፣ አፈሩ ግን አስርት አመታት ይፈልጋል።

«እርከን ተሰርቷል፣ በቃ»
ደሴ አጠገብ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ በ1981 የአፈር መታጠብ የሚጠናበት ጣቢያ ተቋቁሟል፣ ማለትም ነገሩ ለሰፈራችን አዲስ ወሬ አይደለም። እርከን አፈሩን ያስቀረዋል እንጂ አያለማውም። ባቄላና ሽምብራ እያፈራረቃችሁ ዝሩ፣ እርከኑ ላይ ሰስባኒያ የሚባለውን ዛፍ ትከሉ፣ ናይትሮጂን ይጨምራል፣ ቅጠሉም ለከብት መኖ ይሆናል።