የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፦ የመሬት አጠቃቀም ታሪክና የዩኒቨርሲቲ ይዞታ መልሶ ማልማት

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ገባሩ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ብቻ ሲሆን ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውኃ የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በሚሰርገው መጠን ነው፤ መውጫ ሳይኖረው ውኃው ጨዋማ ያልሆነውም በዚሁ ስርገት ምክንያት ነው። ለፕላን ባለሙያ ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ከተከታተሉ ሐይቁ ይነሣል፣ ዳርቻውም ወደ ከተማው ይገባል። በይዞታ ካርታ ላይ የተሰመረው ወሰን ግን ባለበት ይቆያል።

ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከመቆርቆሯ በፊት አካባቢው የሲዳማ ከብት አርቢዎች ግጦሽና ውኃ ማጠጫ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥትና ሆቴል የሐይቁን ዳር ያዙ። በ1967 ዓ.ም. የገጠርም የከተማም መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ የግል ሰፋፊ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻ ተዛወሩ። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው በዚህ ወቅት ነው። በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ። ያ ዘመን ለማስተማሪያ ሰፊ መሬት ይሰጥ ነበር፤ የሰብል ማሳ፣ የከብት በረት፣ የመኖ እርሻ። ከተማው ሲሰፋ እነዚህ መሬቶች መሀል ከተማ ገቡና ዋጋቸው ናረ። የሕንፃ ጥያቄውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከጥቁር ውኃ በላይ ያለው ለውጥም ከታሪኩ አይለይም። ጨለለቃ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ክፍት ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ከምሥራቁ ተራራ የሚታጠበው ደለል ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነበር፤ ጨለለቃ ሲሞላ ግን የደለሉ ተረኛ ዋናው ሐይቅ ሆነ። በጥቁር ውኃ መስመር የተተከሉት የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎችም ሸክሙን አክብደውታል።

በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ከተማውን ክፉኛ አሰጋ። የጎርፍ መከላከያው ግድብ የዚያ ጭንቀት ውጤት ነው። ዛሬ በፍቅር ሐይቅ በኩል ሰው አመሻሽ ላይ የሚንሸራሸርበት ስለሆነ መናፈሻ ይመስላል እንጂ ሥራው ውኃ ማገድ ነው። ግድብ ግን ሁለት ፊት አለው፤ ሐይቁን ከውጭ ሲያግድ የከተማውን ዝናብ ውኃ ከውስጥ ያግዳል። ቱቦዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ከሌላቸው ሐይቁ በከፍታው ወቅት ተመልሶ ይገባል፤ መዝጊያው ካለ ደግሞ ሐይቁ ከፍ ባለ ጊዜ የዝናቡ ውኃ መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ከግድቡ ጀርባ ያለ ማንኛውም ግቢ ቢያንስ የአንድ ከባድ ዝናብ ጎርፍ የሚይዝ ዝቅተኛ ቦታ ሳይገነባበት መተው አለበት። በዕቅድ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ለመኪና ማቆሚያ የሚታጨው ግን ይኸው ቦታ ነው።

መለካት የሚጀመረው ከመሐንዲሱ ሌቭል፣ ማለትም ከከፍታ መለኪያ መሣሪያው ነው። ከሐይቁ የውኃ ልክ መለኪያ መዝገብ ከፍተኛው ቁጥር ይወሰዳል፣ ከታወቀ የከፍታ ነጥብ ጋር ይያያዛል፣ በግቢው ላይም በችካል ምልክት ይደረግበታል። የመሬቱ ተዳፋት 2 በመቶ ከሆነ ውኃው በ1 ሜትር ሲነሣ ዳርቻው 50 ሜትር ይገባል፤ በ1 በመቶ 100 ሜትር፣ በግማሽ በመቶ 200 ሜትር። «ከዳር 30 ሜትር» ብሎ በየቦታው አንድ ዓይነት ጥብቅ ክልል ማስመር ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም።

አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ነው፤ በቀላሉ ይቆፈራል፣ በቀላሉም ይታጠባል። በዳርቻው የከርሰ ምድር ውኃ ለገጽ ቅርብ በመሆኑ ችግሩ የሚጀምረው ከፍሳሽ ነው። የመስረጊያ ጉድጓድ ታች ከከፍተኛው የከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ዳር ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሴፕቲክ ታንክም ይንሳፈፋል። የውጭ ልኩ 4 በ2.5 በ2 ሜትር፣ ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ታንክ 15 ቶን ገደማ ይመዝናል። ውኃው እስከ አናቱ ከደረሰ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ግን 20 ቶን ነው። በክረምት ማብቂያ ታንኩን ያስመጠጠ ግቢ ቧንቧው ተሰብሮ የሚያገኘው በዚህ ሰበብ ነው፤ መፍትሔው ወለሉን ወደ ውጭ አስፍቶ አፈር መጫን ነው።

የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ፍሳሹን የሚያጣራው በተከታታይ ኩሬዎች ነው። የኩሬ ጉልበቱ ጊዜ ነው። 3,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ በቀን 100 ሜትር ኩብ ቢገባበት ፍሳሹ 30 ቀን ያርፋል፤ አልጋ ተጨምሮ ፍሳሹ እጥፍ ሲሆን 15 ቀን ይቀረዋል፣ ዝቃጭ ከሞላ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በዳርቻ ይዞታ ላይ የሚጨመር ሕንፃ ሁሉ የኩሬውን ስሌት ሳያሳይ ሊጸድቅ አይገባም።

በሕጉ በኩል የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ይለያል፤ የግቢው ዝርዝር ከከተማው መዋቅራዊ ፕላን ጋር መጣጣም አለበት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ 299/1995፣ የውኃ ዳርቻ ጥበቃ በአዋጅ 197/1992 ይታያል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ የመንግሥት ተቋማት መሬት የሚያገኙት በምደባ ነው፤ ለትምህርት በተመደበ ቦታ ላይ የሚከራይ ሱቅ ወይም ሪዞርት ማሰብ ከአገልግሎት ለውጥ ጥያቄ ጋር ያጋጫል። ይህን መጨረሻ ላይ የሚያነሣ ዕቅድ ንድፉን እንደገና ለማሠራት ይገደዳል።

ከከፍተኛው የውኃ ልክ በታች የሚቀረው መሬት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ፊላና ደንገሉ ደለል ያስቀራል፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባውም በዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። በድንጋይ ግንብ ሲተካ ማዕበሉ ተመልሶ የግንቡን እግር ይበላል። ለግብርና ተማሪዎች የመኖ ሣር ማሳ፣ ለዓሣ ጥናት የናሙና መውሰጃ የእንጨት ድልድይ፣ ለጀልባ መውረጃ አንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ ለጎረቤት ከብት ውኃ መጠጫ መንገድ በዚህ ቀበቶ ይቻላል፤ ሐይቁ ሲነሣም የሚጠፋው ጥቂት ነው። አጥሩ በሽቦ ሆኖ ምሰሶዎቹ የሚነቀሉ ቢሆኑ ይመረጣል።