«የዳሌ ስብራት» ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ዳሌ አይደለም

«እናታችን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ።» ይህን ከቤተሰብ አንደበት ስሰማ አይከፋኝም። የሚከፋኝ የጤና ትምህርት እንሰጣለን የሚሉ ሰዎች ስለ አረጋውያን የዳሌ ስብራት ሲያስረዱ የዳሌን ቀለበት ሥዕል አቅርበው፣ መሐሉን በቀይ አክብበው «እዚህ ጋ ነው የሚሰበረው» ሲሉ ነው። እንግሊዝኛው «ሂፕ ፍራክቸር» የሚለው ስብራት የዳሌ አጥንትን አይነካም። የሚሰበረው የጭን አጥንት ነው፤ የላይኛው ጫፉ።

ይህን ስናርም ደግሞ ሌላ ስሕተት ይወለዳል። ሐኪም የጻፈው ወረቀት ላይ «የላይኛው የጭን አጥንት» የሚል ያነበበ ሰው፣ ጭን እንደ ክንድ የላይና የታች አጥንት ያለው ይመስለዋል። ጭን ያለው አጥንት አንድ ብቻ ነው፤ ከዳሌ መጋጠሚያ ተነሥቶ ጉልበት ድረስ ይወርዳል። «የላይኛው» የተባለው ክብ የሆነው የአጥንቱ ራስ፣ አንገቱና ከአንገቱ ሥር ያሉት ሁለት ጉብታዎች፣ ትሮካንተሮቹ ናቸው።

በገዛ አካላችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ስታሳርፉ የሚሰማችሁ የአጥንት ጠርዝ በእርግጥ ዳሌ ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ በጎን በኩል የምታገኙት ጠንካራ ጉብታ ግን የጭን አጥንት ነው። ቆማችሁ እግራችሁን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብታዞሩ ጉብታው ከእጃችሁ ሥር ይንቀሳቀሳል። በጎኑ የወደቀ ሰው «ዳሌዬን መታኝ» የሚለው ይህን ቦታ ነው።

ስሞቹ በዚህ ድንበር ላይ ሲንሸራተቱ የኖሩት ዛሬ ብቻ አይደለም። ላቲኑ «ፌሙር» ሥጋውንም አጥንቱንም ጨምሮ ጭንን በሙሉ ይጠራ ነበር፤ አጥንቱን ለመለየት «ኦስ ፌሞሪስ»፣ የጭን አጥንት፣ ማለት ያስፈልግ ነበር። የዳሌው አጥንት ደግሞ ከናካቴው ስም አልነበረውም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥንቱ ሐኪም ጋሌን ስም የሌለው አጥንት ብሎ አለፈው፤ ያ ስም አልባነት ራሱ ስም ሆኖ «ኢኖሚናቱም» እየተባለ ለብዙ መቶ ዓመታት በሐኪሞች መጻሕፍት ኖረ። በላቲን የዳሌን አካባቢ ይጠራ የነበረው «ኮክሳ» ወደ ጣሊያንኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ፖርቱጋልኛ ሲወረስ ትርጉሙ ወደ ታች ወርዶ ጭን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1895 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ አናቶሚስቶች፣ የሰውነትን አሠራር የሚያጠኑ ሊቃውንት፣ በየትምህርት ቤቱ የተለያየውን ስያሜ ሰብስበው አንድ ዝርዝር ሲያጸድቁ «ኮክሳ» ወደ ዳሌው አጥንት ተመለሰ። ሆኖም እኛ ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ «ኮክሳ ቫራ» የምንለው መዛነፍ የዳሌ ሳይሆን የጭን አጥንት አንገት መዛነፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የስያሜ መዝገብም «ፌሙር»ን ለጭኑም ለአጥንቱም አስቀምጦታል። ስለዚህ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ስም ምን ይሠራል? አጥንት አጥንት ነው፤ የጎረቤቴ እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ያለ ቀዶ ሕክምና ተነሥተው ሄደዋል» ሲል ተከራከረ። እኔም አምነዋለሁ፤ ሴትዮዋ በእርግጥ ሄደው ይሆናል። በአረጋውያን ላይ ከፊት ለፊት ያለው ቀጭኑ የዳሌ አጥንት ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ በሕመም ማስታገሻና በጥንቃቄ በመራመድ ይድናል። ያ እውነተኛ የዳሌ ስብራት ነው። የእርሱን ምክር ሰምቶ የጭን አጥንት አንገቱ ተሰብሮ የተንሸራተተ አባቱን ቤት የሚያስተኛ ሰው ግን የገጠመው ሌላ ሕመም ነው። በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ስብራቶች ናቸው።

ልዩነቱ ደም ነው። የጭን አጥንትን ራስ በመስኖ ቦይ ጫፍ እንዳለ መደብ አስቡት። ውኃው በአብዛኛው ከታች ተነሥቶ አንገቱን ተጠግቶ በሚወጣ ቀጭን ቦይ ነው የሚደርሰው። በላይ በኩል ሌላ ትንሽ ምንጭ አለ፤ በአዋቂ ሰው ግን ብቻውን መደቡን ማጠጣት አይችልም። አንገቱ ተሰብሮ ሲንሸራተት ቦዩ ይቆረጣል። ተክሉ በዕለቱ አይጠወልግም፤ ለዚህም ነው ስብራቱ በብረት ታስሮ ገጥሞ እንኳ የአጥንቱ ራስ ከወራት በኋላ ሞቶ ሊሰረጉድ የሚችለው። አንገቱ ተሰንጥቆ ከቦታው ካልተንሸራተተ ቦዩ ሊተርፍ ይችላል። በጉብታዎቹ መካከል የሚያልፍ ስብራት ደግሞ የወንዝ ዳር ማሳ ነው፤ ውኃ ከየአቅጣጫው ያገኛል። የእርሱ ችግር ድርቀት ሳይሆን የመሬቱ መናድ ነው፤ ሳይደገፍ ከተተወ እግሩ አጥሮና ተጣሞ ሊገጥም ይችላል።

የለንደኑ ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ይህን እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ለይቶ ጽፎታል፦ በመጋጠሚያው ሽፋን ውስጥ የሚሰበረው፣ ማለትም አንገቱ፣ አይገጥምም፤ ከሽፋኑ ውጭ ያለው፣ ማለትም የጉብታዎቹ ስብራት፣ ይገጥማል እያለ። ዛሬ የተንሸራተተ የአንገት ስብራት ላለበት አረጋዊ የአጥንቱን ራስ በሰው ሠራሽ መተካት፣ ለጉብታዎቹ ስብራት ደግሞ በብረት ማሰር የሚመረጠው ከዚሁ ልዩነት የተነሣ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ አልጋ ላይ በመቆየት አይታከሙም። መተኛቱ ራሱ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ያመጣል።

ከሙያዬ ሳልጨምረው የማላልፈው ሁለት ነገር አለ። ያልተንሸራተተ የአንገት ስብራት ያለበት ሰው እያነከሰ ሊራመድ፣ የመጀመሪያው ራጅም ምንም ላያሳይ ይችላል። ወድቆ ብሽሽቱን የሚያመውና እግሩ ላይ መቆም የሚያስቸግረው አረጋዊ «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ ብቻ ወደ ቤት መመለስ የለበትም፤ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ሊያስፈልገው ይችላል። በልጆች ራጅ ላይ ደግሞ የጭን አጥንቱ ራስና ጉብታዎቹ ከአጥንቱ ግንድ ተለይተው ይታያሉ። እነዚህ ገና በመካከላቸው ለስላሳ አጥንት ያለባቸው፣ በጉርምስና ዕድሜ ከግንዱ ጋር የሚዋሐዱ የዕድገት ክፍሎች ናቸው። ፎቶውን በስልክ ተቀብሎ «የልጁ አጥንት ሦስት ቦታ ተሰብሯል» የሚል ሰው ያየው ስብራት ሳይሆን ዕድገት ሊሆን ይችላል፤ የሌላውን እግር ራጅ ጎን ለጎን ሳያስተያዩ መፍረድ አይገባም።