አይኖ፦ ስለ አንድ የፊንላንድና የኢስቶኒያ ስም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አይኖ የሴት ስም ነው። ፊንላንድ ውስጥ በብዛት ይሰማል፣ ኢስቶኒያ ውስጥም አለ። በእኛ ጆሮ «ዓይን»ን ያስታውሳል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከክርስትና በፊት የነበረ ጥንታዊ ስም ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ኤሊያስ ሎንሮት ከገጠር ሰዎች አፍ የሰበሰባቸውን ግጥሞች አያይዞ ካሌቫላ የተባለውን የፊንላንድ ብሔራዊ ተረክ አዘጋጀ። የመጀመሪያው እትም በ1835 ወጣ። አይኖ የምትባል ልጅ የታወቀችው ግን በ1849ኙ ሰፊ እትም ነው። በሕዝቡ ግጥም «አይኖ» ቅጽል ነበር፤ «ያለችው አንዲት ልጅ» ለማለት ይገባል። ሎንሮት ቅጽሉን ስም አደረገው። ልጅቷን አኒ የሚሏት የሕዝብ ግጥሞች አሉ፤ እዚያ ራሷን ትሰቅላለች። ሎንሮት ግን ውኃ አሰጠማት። ጥንታዊ የሚባለው ስም እንግዲህ የአንድ አዘጋጅ ብዕር ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

«ትርጉሙ ሐዘን ነው»

አይደለም፣ «ብቸኛዋ፣ አንዷ» ነው። ሐዘኑ ያለው ካሌቫላ ውስጥ ያለው የልጅቷ ታሪክ ላይ ነው። ወንድሟ ዮውካሃይነን ከሽማግሌው ቫይናሞይነን ጋር በዘፈን ተፎካክሮ ይሸነፋል፤ ረግረግ ሊውጠው ሲል እህቱን ልድርልህ ብሎ ነፍሱን ያተርፋል። እናትየው ደስ አላት፤ ትልቅ ሰው አማች ሊሆናት ነዋ! ልጅቷን የጠየቃት የለም። ሽማግሌ አላገባም ብላ ሄዳ ሰጠመች። በኋላ ሽማግሌው አንድ ዓሣ ያጠምዳል፤ ለካ እሷ ናት፣ ከእጁ አምልጣ ትሳለቅበታለች። አክሴሊ ጋለን-ካሌላ በ1891 ይህን በሦስት ክፍል ስሎታል፤ ሥዕሉ ሄልሲንኪ፣ አቴኔውም ሙዚየም ይገኛል።

«ስሙ ዕድሜ ያሳጥራል»

የሙዚቃ ደራሲው የዣን ሲቤሊየስ ሚስት አይኖ ይህን አልሰማችም መሰለኝ፤ በ1871 ተወልዳ እስከ 1969 ኖራለች። ቤታቸውም በስሟ አይኖላ ይባላል።

«በ‹ኦ› ስለሚያልቅ የወንድ ነው»

ይህ የጣልያን ስም የለመደ ሰው ግምት ነው። ፊንላንድኛ ጾታ አይለይም፤ «እሱ»ም «እሷ»ም አንድ ቃል ናቸው። ግን ተጠንቀቁ፣ «ኤይኖ» የወንድ ስም ነው።

«ከጃፓን አይኑ ሕዝብ የመጣ ነው»

የድምፅ መመሳሰል ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

«ኢስቶኒያውያን ከራሳቸው ተረክ ነው ያገኙት»

ካሌቪፖዬግ የሚባል የራሳቸው አላቸው። አይኖ ግን የመጣችው ከጎረቤት ካሌቫላ ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ግን ስሙ ባዕድ አልሆነባቸውም። በ1878 ያኔ የፊንላንድ በነበረችው ቪቦርግ ከተማ የተወለደችው ደራሲ አይኖ ካላስ ኢስቶኒያዊ አግብታ በኢስቶኒያዋ ታርቱ ከተማ ኖራለች። ስለ ኢስቶኒያ ሰዎች በፊንላንድኛ ነው የጻፈችው፤ ሁለቱም አገሮች የእኛ ናት ይላሉ።