ጎጂ ጋዞችን የሚለዩ የሜታል ኦክሳይድ ናኖቁሶች

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ደግሞ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው ጋዙ የጠፋ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን አደጋ ቀድሞ በመለየት በኩል የሜታል ኦክሳይድ (የብረታ ብረትና የኦክስጅን ውህድ) ሴንሰርን በርካሽነቱና በጥንካሬው የሚያህለው ጥቂት ነው።

የሥራው ሁሉ መነሻ የቁሱ ገጽ ነው። ቲን ኦክሳይድን እንውሰድ። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን ገጹ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ያኔ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያልፍበትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ ከዚያ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ኤሌክትሮኑ ይመለሳል፤ ኤሌክትሪኩም በቀላሉ ያልፋል። ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ዋናው ነገር ገጹ ላይ የተለጠፈው ሳይሆን ከራሱ ከቁሱ ክሪስታል የጎደለው ኦክስጅን ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የተለጠፈው ኦክስጅን ማብራሪያ ግን አብዛኛውን የሙከራ ውጤት ጥሩ አድርጎ ያስረዳል።

የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ብራተይንና ባርዲን በ1953 እ.ኤ.አ. ጀርመኒየም የተባለው ሰሚኮንዳክተር ገጽ በዙሪያው ባለው ጋዝ እንደሚለወጥ አሳይተው ነበር። ወደ መሣሪያነት የተሻገረው ግን ጃፓን ውስጥ ነው። በ1962 የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ሴይያማና ባልደረቦቹ በስስ የዚንክ ኦክሳይድ ንጣፍ ጋዝ ለዩ። በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ በቲን ኦክሳይድ የሚሠራውን ሴንሰር ፈለሰፈ። በየቤቱ የሚፈስ ጋዝ እየፈነዳ ሰው ይጎዳ ነበርና ፈጠራው በጊዜው የደረሰ ትልቅ ውለታ ነው። በ1968 በብዛት መመረት ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ፊጋሮ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ።

ናኖ የሚለው ነገር፣ ማለትም ቁሱን በናኖሜትር (በሜትር ቢሊዮንኛ) ልክ ማሳነስ፣ የገባው በኋላ ነው። በ1991 ያማዞኤና ባልደረቦቹ፣ እነሱም ከኪዩሹ፣ አንድ ድንቅ ነገር አሳዩ። የቲን ኦክሳይዱ ቅንጣት ከ6 ናኖሜትር ገደማ ሲያንስ የሴንሰሩ ንቃት በአንዴ ይጨምራል። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮን የሚነጥቅበት ጥልቀት 3 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከሁለት ወገን ሲነጠቅ ትንሿ ቅንጣት እስከ መሃሏ ከኤሌክትሮን ባዶ ትሆናለች። ችግሩ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ያድጋሉ።

ከዚያ ወዲህ ናኖሽቦውም ናኖቀበቶውም ተሞክሯል። ጋዝን ከጋዝ መለየት ግን አሁንም ያስቸግራል። ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም ጣል ማድረግ ይረዳል። ተንግስተን ኦክሳይድ ለናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ይመረጣል። ኮፐር ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ቲን ኦክሳይድ ደግሞ ለሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ ጋዙ ኮፐር ኦክሳይዱን ኤሌክትሪክ ወደሚያሳልፍ ኮፐር ሰልፋይድ ስለሚለውጠው ምልክቱ ጎልቶ ይወጣል። እርጥበት ንባቡን ያዛባል። ከሲሊኮን ማሸጊያ የሚወጣ ትነት ደግሞ ገጹን ሸፍኖ ሴንሰሩን ለዘለቄታው ሊያበላሸው ይችላል።